ትርፍ አፍ

ቦናይር ላይ ንፋስ እረፍት አያውቅም፤
ጨው ተሸክሞ ይገባል፣ ፈቃድ አይጠይቅም።
እኔ ከሱቁ ጓሮ፣ ከመብራቷ ሥር፣
የሰው ትንፋሽ እፈታለሁ፣ በአሥራ አራት ቁጥር።
ሞላውን አወጣለሁ፣ ጎማ ቀለበቱን፣
በኮምጣጤ እነክራለሁ አረንጓዴ ዝገቱን፤
ባሕር ምን እንደበላ፣ ምን እንዳስተረፈ
ነሐሱ ይናገራል፣ እየተቀረፈ።

ስሜ ስዊንዳ ነው። አባቴ ጨው ዛቂ፣
እኔ ልጁ ደግሞ የትንፋሽ ጠባቂ።

ድሮ የሚመጣልኝ ብረት ነው፣ ድንጋይ ነው፣
መንጋጋ የሚያደክም፣ አንገት የሚጎትት ነው።
አሁን ሁሉም ቀላል፤ ሲያነሡት እፍኝ ነው፣
ገና የተፈለፈለ ጫጩት ነው የሚያክለው።
ቅለትን አልጠላም፤ ወገቤ ያውቃል።
ግን ቀላል ሲበዛ ሰውም አብሮ ይቀላል።

ማክሰኞ ከሰዓት መጣ አንድ ጎረምሳ፣
ዩሪያን ይሉታል፤ ፀሐይ የጠበሰው ዓሣ።
መተንፈሻው አዲስ፣ ገና ከነማሸጊያው፤
«ዘጠኝ መቶ ግራም!» አለኝ እንደ ልጅ ሲያነሣው።
«ሻንጣዬ ሞልቷል፤ አየር መንገድ አይምርም፤
ይቺን ቢጫዋን ፍቺልኝ፣ ምንም አትጠቅመኝም።»

ቢጫዋ ትርፍ አፍ ናት። ከረዥሙ ጎማ
ጫፍ ላይ የምትንጠለጠል፣ አየር ለተጠማ።
አንዱ አፍ ለባለቤቱ፣ ሌላው አፍ ለማንም፤
ስሙን ለማታውቀው፣ ለማትወደውም።
በመንደር ትርፍ አፍ ያጣላል፣ ያስነቅፋል፤
አሥራ ስምንት ሜትር ላይ ግን ሰው ያተርፋል።

«ጓደኛዬም» አለኝ «የራሱን ይዟላ!»
«እሱም ባንተ ተማምኖ ፈቶት ቢሆን ኋላ?»

ስለ ኡባልዶ ነገርኩት፤ ፍየሎቹ አጥሬን
ጥሰው ስለበሉብኝ ተክሌን፣ በርበሬዬን፤
ሦስት ዓመት ሰላምታ የነፈግሁት ሰው ነው።
ከሰመጠችው ጀልባ ሥር እንግዳ ስናስጎበኝ፣ አብረን ተቀጥረን፣
ጎማው ፈነዳና አረፋ ዋጠው።
እጁ ወደ እኔ መጣ። ዓይኑን አየሁት።
ጠቤን ልቆጥር ነው? ቢጫዋን ሰጠሁት፤
ክንዱን ያዝኩት፣ ያዘኝ።
እሱ ሲስብ ይሰማኛል፣ እኔ ስስብ ይሰማዋል፣
ከአንድ ሲሊንደር ሁለት ጠበኛ
ቀስ እያለ ይወጣል።
(ፍየሎቹ አሁንም በርበሬዬን ይበላሉ፤
የአጥሬ ዕዳዎችም ገና አልተከፈሉ።)

ዩሪያን ሰዓቱን አየ። «ገባኝ» አለ። አልገባውም።
ታሪክ ኪሎ የለውም፣ ሻንጣ አያስከብድም።

ሚዛኔን አወጣሁ፣ ዓሣ የምመዝንበት፤
ቢጫዋን ሰቀልኳት፤
መርፌው ሦስት መቶ ላይ ጥቂት ሄዶ መጥቶ በኋላ ቆመበት።
«ሻንጣህን ክፈት» አልኩት። ከፈተና ሣቀ፤
ከካልሲዎቹ መሃል ጠርሙስ አብረቀረቀ።
ሽቶ። ሰቀልኩት። ሦስት መቶ ሃያ።
«ማን ሊያሸትትህ ነው?» አልኩት፤ «ዓሣው? ወይስ የመንገዱ አህያ?»

ብዙ አልተከራከረም። ቢጫዋን አጠፈ፣
ሂሳቡን ከፈለኝ፤ በንፋሱ አለፈ።
ሽቶው እኔ ጋ ቀረ፣ ከሞላዎቹ ጎን፤
ጎማ ጎማ ሲለኝ እረጭ ነበር ክፍሉን።

ስድስት ዓመት ሆነው። ዩሪያን አልተመለሰም።
ያቺ አፍ ለማን ደርሳ እንደሁ አላውቅም።
ምናልባት ለማንም። ምናልባት ዝዎለ ከተማ፣
ቁም ሣጥን ውስጥ ተኝታ፣ እርጥበት እንደናፈቃት ጎማ።

ሽቶው ግን በኖ አለቀ። ትናንት ጠርሙሱን
ሰቀልኩት እንደገና፣ ለማየት ያህል ብቻ፣ መርፌውን።
ሁለት መቶ ሃያ! ለካ አብዛኛው ክብደቱ
ሽቶው አልነበረም፤ መስታወቱ ነው፣ ቤቱ።
ይቅርታ፣ ዩሪያን።

ክዳኑን ነቅዬ መስኮቱ ላይ አቆምኩት፤
ከባሕር በኩል ንፋስ ሲመጣ፣
ባዶው አፍ ያፏጫል፣ አንዴ ቀጠን፣ አንዴ ጎርነን አድርጎ፤
ቀና እላለሁ፣ ሰው የጠራኝ መስሎኝ፣
መፍቻዬን እንደያዝኩ።