ክር ከክር ቢያጋቡት

ሄግ ላይ፣ በማክሰኞ፣ ዝናብ እያካፋ፣
ስድስት ጥቁር ካባ በዶሴ ሲጋፋ፣
በጠረጴዛው መሃል፣ በላስቲክ ታሽጋ፣
ጣት የምታህል መስታወት፣ የሚሊዮን ዋጋ።

ዐሥር ሺህ ነጠብጣብ በፊቷ ተዘርቶ፣
በየነጠብጣቡ የዘረመል ክር ተኝቶ፤
ክሩ አቻውን ሲያገኝ፣ ቀለም ካቀበሉት፣
በሌዘር ያበራል፤ ይኸው ነው ምልክት።

ታዲያ ሁለት ድርጅት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለምን ነደደ?
ክር ከክር ቢያጋቡት ክርክር ተወለደ፦
ቀለሙ መቼ ገባ?
ክሩ ሳይጋባ ነው፣ ወይስ ከተጋባ?

«በፊት!» ይላል ፋን ሪምስዳይክ፣ ጣቱን ቀስሮ።
«በኋላ» ትላለች ኦስቲንኻ፣ መነጽሯን ወልውላ።

ከኋላ ወንበር ላይ ቪትስከ አለች፣
ጡረተኛ ናት፤ ከላይደን በባቡር መጥታለች።
ያኔ ጠብታዋን የጣለች እጅ የሷ ናት።
በመብቱ ወረቀት ስሟ የለም፤
ደብተሯ ግን አለ፦ ማስረጃ ቁጥር ዐሥራ ሰባት።

ዳኛዋ ገለጠች። ቀኑ በተጻፈበት
ቀለም ተንጠባጥቦ ቀለሙን ውጦታል፤
መጋቢት ሦስት? ስምንት? ማን ያውቃል።

«ያስታውሳሉ?» አሏት።
«ክፍሉ ጨለማ ነበር» አለች፣
«ብርሃን ቀለሙን ይገድለዋላ።
ጓንቴ ተቀዶ ነበር።
ማሽኑ አረንጓዴ ይለዋል እንጂ በዓይን ሲያዩት ሮዝ ነው፤
አውራ ጣቴ ሳምንት ሙሉ ሮዝ ሆኖ ከረመ፣
ልጄ ሳቀብኝ።»
«በፊት ወይስ በኋላ?»
«እሱን እንኳ…»

ጸሐፊው ሦስቱን ነጥብ ሳይቀር ጻፈ።
ለሰኔ ተቀጠረ።

ባቡሩ ውስጥ ጓንቷን አወለቀች፣
አውራ ጣቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ
እስከ ላይደን ድረስ አየችው።