የልክ ደብተር

ከመኪናዬ መሳቢያ፣ ከዛገ መቀስ ሥር፣
ሽፋኑ በዘይት የወዛ፣ አለኝ አንድ ደብተር።
ቁመት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ጉልበት፣ ቁጥር ብቻ የጻፍኩበት፤
የከዚራን ጉርምስና በሜትር የለካሁበት።

«ፈይሰል፦ ወገብ ሰባ አንድ። የእግር አፍ ሠላሳ ሁለት።»
ሠላሳ ሁለት!
ያን ለብሶ ከጣቢያው ሲወርድ፣ በዚያ በዛፎቹ ጥላ ላይ፣
ጫማው ከቶ አይታይም፤ ይራመዳል? ይንሳፈፋል ወይ?
እንጃ።
አባቱ፣ የሸመንደፈር ፍሬን ያዥ፣ አንድ ቀን ሱቄ ገብቶ፣
«በዚህ ጨርቅ ሁለት ልጅ ይለብስ ነበር» አለኝ ተቆጥቶ።
ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሩን ግራ ቀኝ አይቶ፣
«ለኔም… እንደሱ ባይሰፋም…»
ለካሁት። ሃያ ስድስት። ወጣ አንገቱን ደፍቶ።

ጨርቁ ከጅቡቲ ነው፣ በሌሊት ባቡር የሚመጣ፤
ሸክላውም እንደዚያው ነበር፣ ፍተሻውን እያመለጠ የሚወጣ።
ኢብላ በሽርጧ ጠቅልላ፣ ሆዷ ላይ አስራ፣ በአንድ ጉዞ ዘጠኝ አሳለፈች፤
ፊናንሱ ቢያያት «ስምንት ወሬ ነው» አለች።
ማታውኑ ወለደችልን፣ እዚያው ጓሮ፣ እኛ ጋ፣
ጥቁር፣ ክብ ክብ ልጆች፣ የሚጮኹ እስኪነጋ።
ቃሉን ማን ያውቀዋል? አረብ ይሁን፣ ፈረንጅ ይሁን፣ ኮንጎ፤
አርጋው ግን ይተረጉማል፣ ሚዶውን ባፍሮው እንደ ዘውድ አድርጎ።
«ምን አለ?» ስንለው፣ «አቦ፣ ዝም ብለህ ተወዛወዝ ይላል»፤
ሌላውን ስናጫውተው፣ «እሱም ያንኑ ይደግማል»።

ኢድሪስን አልረሳም። በግንቦት፣ አስፋልቱ ቀልጦ ጫማ ሲይዝ፣
የቆዳ ጃኬት ለበሰ፣ ሲኒማ ቤት ያየውን ዓይነት፣ እስካንገቱ የሚያዝ።
መጋላ መሐል ወደቀ፣ ራሱን ስቶ።
ውሃ ስናፈስበት ነቃ፣ አንድ ዓይኑን ከፍቶ፣
«ጃኬቱን እንዳታረጥቡብኝ!»

የጠይባ ልክ እዚህ የለም፤ ገጹን ብትገልጡ አታገኙት።
(እጅ በልቡ ያወቀውን በምን ቀለም ልጻፍበት?)
ከቤት በሽቲ ትወጣለች፣ ቁርጭምጭሚቷን ሸፍና፣
ሱቄ ገብታ ታወልቀዋለች፣ «ይኸን ያዝልኝ» ትልና።
ሽቲው ሚስማሬ ላይ ይቀራል፣ እሷ በሚኒ ትበራለች፤
ሳይመሽ ላብ አጥምቋት ትመጣና፣ ያንኑ ሽቲ ታጠልቃለች።
እኔ መደነስ አልችልም፤ እግሬ የሚያውቀው ፔዳል ነው።
ግን ከባቡር ሠራተኞች ክበብ ምቱ በመስኮት ሲገባ፣
በሱ ልክ ነው የሰፋሁት፣ የዚያን ዘመን ሱሪ ሁሉ፤
ስፌቱን ብትቆጥሩት ዜማ ነው።

ከዚያ የስልሳ ዘጠኝ ገጾች። መስመሩ ይሳሳል፤ ቀለሙም።
«ቀብድ አምስት ብር፣ ለቅዳሜ።» ቅዳሜ ደረሰ፤ አልመጡም።
«አርጋው፦ ወገብ ሰባ። ቡናማ፣ ባለ ሁለት ኪስ።»
ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ ተሰቅሎ ጠበቀው እስኪመለስ።
ሰዓት እላፊው ዳንሱን በላ። መድፉ ከተራራው ወዲያ
ሲያጓራ፣ ኢብላ ሸክላዎቹን ደቻቱ ዳር ቀበረች፣ በጆንያ።
ጠይባም አንድ ሐሙስ ሽቲዋን ለበሰች፣ ሚስማሩን በጣቷ ነካ አደረገች፣
በማግስቱ ድሬ የለችም።
ደቻቱ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ አንድ ሌሊት ሞላ።
ብዙ ወሰደ። ያንንም ወሰደ።
ስለሱ ሌላ አልልም።

ትናንት የፈይሰል የልጅ ልጅ መጣች፣ ስልኳን ከፍታ፣
«ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነት ትሰፋለህ? አዲስ ፋሽን ነው» አለች አሳይታ።
አየሁት። ሠላሳ ሁለት ነው። ምንም አላልኳት፤
ሜትሬን ካንገቴ አውርጄ፣ ጉልበቴ እየጮኸ ለካኋት።
ልትወጣ ስትል ቀና አለች፣ ሚስማሩን አየችው፤
«ያ ቡናማውስ ይሸጣል? እንዴት ያምራል!» አለችው።

«አይሸጥም» አልኳት፣ «የሰው ነው።
ቅዳሜ ይወስደዋል።»