ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ

ሰማዩ ጥርት ብሎ ቢጫ ጃንጥላ ዘርግታ፣
አምስታችንን መራች ከጧት እስከ ማታ።
«ይኼ ኦሳካ ነው፣ በቀኝ ቁሙ!» አለች፤
«በግራ የሚቆመው ቶኪዮ ነው» ብላ ሳቀች።
ግንቡን አየን። ቦዩን። ሂሮሙ ቸኩሎ
ትኩስ ኦክቶፐስ ጎረሰ፣ አለቀሰ ምላሱ ተቃጥሎ።
እናቴን ጫማዋ፣ እኔን ሒሳቡ እየቆነጠጠን
አሥራ ሁለት ሲሆን ድልድዩ ላይ ተቀመጥን።

ወይዘሮ ሚኔጊሺ ሰዓቷን አይታ ጃንጥላዋን አጠፈች፤
«ከዚህ በኋላ አስጎብኚ አይደለሁም» አለች።
ጠባብ መንገድ አለፍን። መኪና ማቆሚያ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህ፣ ቁጥር ሰባት ላይ፣ የአባቴ ወንበር ነበረ፤
የሰፈሩን ጃንጥላ ሁሉ ሲጠግን ኖረ።»

ነጭ መኪና ቆሞበታል፤ ሞተሩ አሁንም ይሞቃል።
ሂሮሙ እጅ ነሣ፤
ለማን እንደሆነ ማን ያውቃል።