ዘጠና ሦስት ዲግሪ

በሃምሳ ስድስቱ፣ በጥቅምት መባቻ፣
ደምበጫ ወረደ ባንድ ሻንጣ ብቻ፤
ሚስተር ክሮፍት ይሉታል፣ ከገበያው ጥግ ያረፈ፣
በጥጥ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር ያቀፈ።

ሰባተኛ «ለ» ክፍል የከሰል ምድጃ አስገብቶ፣
ውሃ ጣደልን አንድ ቀን በቆርቆሮ ሞልቶ።
መጽሐፉ ይላል መቶ፣ እኛም መቶን ጠበቅን፤
ውሃው ተንተከተከ፣ አንገት አሰገግን።
ሜርኩሪው ወጣ፣ ወጣ፣ ዘጠና ሦስት ላይ ቆመ፤
ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለ።
«ተሰበረ!» አለ ሙጬ፤ ክፍሉ በሳቅ ታመመ።

«ይህ መጽሐፍ» አለን፣ «ባሕር ዳር ነው የተጻፈ፤»
እኛ ግን ወደ ጣና ልባችን ከነፈ።
ሙጬ አጎት ነበረው፣ እዚያ ፋብሪካ የሚሠራ፤
«እሱን እጠይቃለሁ» አለ፣ ተቀብሎ አደራ።
«እዚህ ከፍታው ላይ ግን የአየር ክንዱ ቀላል፣
ውሃ መቶ ሳይደርስ ፈልቶ ያመልጣል።»
ያኔ ገባኝ የእናቴ ባቄላ ለምን እንደሚዘገይ፣
ለምን እንደምትራገም ጭራሮው ሲያልቅባት ከላይ ከላይ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እሱው ተማሪ ነበር፣
ወይዘሮ አንጓች ጓሮ፣ ካረቄው ጋን ሥር፤
ሸምበቆው በጭቃ ተመርጎ፣ ማቀዝቀዣው ገንዳ ላይ፣
ጆሮዋን ታስጠጋለች ትንፋሹን ልትለይ።
«ስማ፣ ጌሾው ሲያወራ። ዝም ሲል እሳቱን ቀንስ፤
ቸኩሎ የወጣው ራስ ይመታል፣ የዘገየው ባዶ ነፋስ።»
እሱም ጆሮውን አስጠጋ።
ጠባሳዋ ዛሬም አለች፣ በግራ ጆሮው ጫፍ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሰ ወደ አገሩ፤
ላቦራቶሪ ገባ፣ መስታወት ከበበው ዙሪያ ዙሩ።
ፊዚካል ኬሚስት ተባለ። ዕድሜ ልኩን የጠየቀው
አንዲት ጥያቄ ነበረች፦ ሞለኪውል ከውሃ ገጽ ሲለይ፣ ማነው የሚያሰናብተው?
ዘጠኝ ዓመት ተሳሳተ። ቧንቧው ውስጥ የቀረች ቅባት
አምስት ጽሑፍ አፈረሰች፤ በገዛ እጁ ጻፈ፦ «ስህተት»።
ወንበሩን ሌላ ወሰደው፣ ሽልማቱንም ሌላ፤
እሱ ቧንቧውን አጠበ፣ እንደገና ጣደ በኋላ።
በአሥረኛው ዓመት ቁጥሩ ወጣ። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ
ካመሰገናቸው መሃል፣ ከፕሮፌሰሮቹ በላይ፣
አንጓች ተሳስቶ «አንጎች»፣ ደምበጫም «ዴምቤቻ» ይላል።
ሳነብላት «ስሜን አበላሸው» አለች፤ ሳቋን ግን ማን ይይዘዋል?

ዘንድሮ ደብዳቤ መጣ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣
ፊደሉ እንደ ፈላ ውሃ ከመስመሩ ይዘላል።
«ሐኪሞቹ እሳቱን ቀንሰውታል» ይላል፤ «ደህና ነኝ።
አንድ ቃል ግን ጠፋብኝ፣ ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ፦
አንዴ የወጣውን መልሳ ስትጥደው፣
ያን ንጹሕ ጠብታ፣ አንጓች ምን ነበር የምትለው?»

ፖስታ ቤት ሄድኩ። ባንድ ሉክ ሙሉ ጻፍኩ፦ «ዳግም»።
ልጅቷ ቴምብሩን ቆጥራ፣ «ለአንድ ቃል? አባባ፣ አይበዛም?»
«ይበዛል» አልኳት፤
ከፈልኩ።