ግማሹን፣ አደራ

ፓይሳንዱ ከተማ፣ ወንዙ ዳር ጋራዥ ውስጥ፣
ሰባ ዓመት የገዛ ያ መሪ ሊለወጥ፣
ዝገት የበላውን ብሎን እየፈታ
ኢሲድሮ ተጋድሟል በጠቆረ ቱታ።

ዴልሚራ ቆማለች ቦርሳዋን ታቅፋ፤
ክንዷ ነው የከዳት፣ አልቆረጠች ተስፋ።
ሟቹ ባሏ ኦኖፍሬ፣ ማዕዘን ሲዞር
እንደ ወይፈን ጎትቶ ያቃስት ነበር፤
እሷም ከጎኑ ሆና፣ አርባ ዓመት ሙሉ፣
ያወቀችው በዚያ ድምፅ ነው፣ መታጠፊያውን ሁሉ።

የሞሪሱ አሮጌ ሳጥን ወጣ፣ ከነቅባቱ ከነጥርሱ፤
አዲሱ ገባ፣ ትንሽ ሞተር፣ በሽቦ የሚያድር እስትንፋሱ።
«በአንድ ጣት ይዞራል፣ ሴኞራ፤ ይሞክሩት» አላት።
ወጣች። ዞረች። ወደቡ ድረስ፣ ምንም ሳይከብዳት።

ተመልሳ መጣች፣ ፊቷ ቅጭም ብሎ፤
«ይሄማ ሰው የለበትም፤ ጥጥ አከለ ቀልሎ!
ክብደቱን መልስልኝ። ሁሉንም አይደለም። ግማሹን፣ አደራ።»
ኢሲድሮ አሳያት ትንሽ ቁልፍ፣ ከመሪው ሥር በስተግራ።
አጠበቀችው፣ ደግሞ አጠበቀችው፣ እንደ ወጥ ጨው እየሞከረች፣
ትከሻዋ «በቃ» እስኪላት፤
ከዚያም አንድ ጨመረች።

ጋራዡ ጥግ ላይ መኪናው ሲዞር
ከመሪው ኋላ ሰው ያቃስት ነበር።