ለአንዲት ጥርስ

አባቴ ያለችው አንዲት ጥርስ ናት።
ከታች፣ በግራ በኩል፣
ውኃው ሲሸሽ ብቅ እንደሚል ድንጋይ ከጣና ዳር፣
ብቻዋን ቆማለች፣ ከሰማንያ ሁለት ዓመቱ ጋር።

ማክሰኞ በማለዳ «እንጉዳይ» ብሎ ጠራኝ፤
«የጥርስ ዱቄት አልቆብኛል፤ ዛሬ ወጥተሽ ግዢልኝ።
ያንን ኮልጌታችሁን እንደሆነ አልፈልግም፤
አረፋ ነው። አረፋ አይፍቅም።»
አልቆብኛል የሚለው፣ ካለቀ ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ነው።

ከአልጋው ሥር ጎትቶ አወጣው የድሮውን ቆርቆሮ፤
ክዳኑ ላይ የምትስቀው ሴት፣ ጥርሷን ዝገት በልቶት ኖሮ፣
እሷም እንደሱ ድዷን ታሳያለች።

ያኔ ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣ ከሌሊቱ ፈረቃ ሲመጣ፣
ቅንድቡ ላይ የጥጥ ብናኝ፣ ፀሐይ ገና ሳትወጣ፣
ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ስድስታችንን ያሰልፋል፤
በየመዳፋችን ቆንጥሮ ሮዙን ዱቄት ያካፍላል።
ብሩሹ አመልካች ጣት ነው። ፍቁ! ይላል። እንፍቃለን።
የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ፤ ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ
እልሰው ነበር። ይጣፍጣል። ቅዝቃዜው አለ እስከ ዛሬ፣
ምላሴ ጫፍ ላይ።

ወጣሁ። ከግሽ ዓባይ ሰፈር እስከ ትልቁ ገበያ፣
መድኃኒት ቤት፣ ሱፐርማርኬት፣ የኮስሞቲክስ መደርደሪያ።
«ዱቄት? ለጥርስ?» አለች አንዷ፣ ስልኳን ለአፍታ ትታ፤
«የሽሮ ነው የበርበሬ?» ሳቀች፣ የሽቦ አጥሯን ከፍታ።
ሌላዋ ትንሽ ብልቃጥ አወረደች፣ ጥቁር፣ በወርቅ የተጻፈ፤
«ከሰል ነው» አለች፣ «የውጭ፤» ዋጋው ሺህ ብር ያለፈ።
በተራዬ ሳቅሁ እኔም። ከሰል!
ጓሮዬ በጆንያ የተኛው፣
ባሕር ተሻግሮ ስም አውጥቶ የመጣው?

የመፋቂያው ልጅ ብቻ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ተረዳኝ፤
«ዱቄቱን አያቴ ያውቁት ነበር፤ እኔ ጋ ወይራ አለ» አለኝ።
«ለስንት ጥርስ ነው?»
«ለአንድ።»
አገላበጠና አጭሯን መርጦ ሰጠኝ።

ሐጅ ይማም ሱቅ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አሰቡ፤
ጣታቸው ባዶውን መደርደሪያ ዳበሰ፣ እንደ መቁጠሪያ።
«የመጨረሻውን ደርዘን አባትሽ ነው የወሰደው፤
ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝ አንቺ ነሽ፣ አንድ ሰው።»

ማታ ከሰሉን ወቀጥኩት። ጨው። ትንሽ ናና ከጓሮ።
በሻሽ ነፋሁና ሞላሁት ያንን የዛገ ቆርቆሮ።

ጠዋት ወደ ሐይቁ ወረደ፤ ጣሳ ይዤ ተከተልኩት።
እንቦጩን በከዘራው ገፋ፤ ውኃ ቀድቼ ሰጠሁት።
ክዳኑን ከፈተ። አየ። አሸተተ። ቆየ።
«ይሄ ያ አይደለም።»
«አይደለም፣ አባዬ።»
ጣቱን ግን ነከረ፤ ያችን ጥርስ ዙሪያዋን ፈተጋት፣
እንግዳ እንደሚመጣባት ቤት ከፊት ከኋላ ወለወላት።
ደንገል የጫነ ታንኳ ሲያልፍ፣ ቀዛፊው እጁን ሲያነሣ፣
ጥቁር ምራቁን ተፋና ሳቀለት፣
አፉ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እጅሽን አምጪ» አለኝ።
አርባ አራት ዓመቴ ነው። መዳፌን ዘረጋሁ፤ ቆንጥሮ ሰጠኝ።
«አሁን ግን» አለ፣ ክዳኑን እየገጠመ፣
«እንዳትልሺው።»