ሥርዓት አልተገኘም

ቡሬ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣
ከጎማ ለጣፊው በረንዳ ሁለት ደረጃ ተወርዶ፣
ሁለት ሜትር በሦስት የሆነች ሱቅ አለችኝ፤
የሰው ዕቃ ስፈታ ስገጥም የምታመሸኝ።

አቶ ይበልጣል ገባ፣ አቤቱታ ጸሐፊው፣
ከጃኬቱ ትከሻ ሳይደርቅ የሐምሌ ካፊያው፤
ላፕቶፑን ከማዳበሪያ ከረጢት አወጣና
ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው፣ እጁን ሳያነሣ ገና።
ከኋላው ወይዘሮ አንጓች፣ ፕላስቲክ ጫማዋን ጭቃ ውጦት፣
ከኩች የመጣች፣ ጎረቤት የወሰን ድንጋይ የነቀለባት፤
ይግባኟ እዚያ ውስጥ ነው፣ ዘጠኝ ገጽ ተኩል፣
ነገ ጠዋት ነው ቀኑ፤ ከነገ ወዲያ ሁሉም እኩል።

ማብሪያውን ተጫንኩት። ማራገቢያው አጉረመረመ፣
ሰማያዊ መብራት ብልጭ አለና ከሰመ፤
ከዚያ በጥቁሩ ላይ ነጭ ፊደል ተዘረጋ፣
«ምን ይላል?» አለችኝ አንጓች፣ አንገቷን አስግጋ።
«ሥርዓት አልተገኘም ነው የሚለው» ብዬ ተረጎምኩላት፤
ሳቅ አይሉት ንዴት የሆነ ነገር ከንፈሯን ዳሰሳት።
«እሱንማ» አለች፣ «ይሄ ሣጥን ሳይነግረኝ አውቃለሁ፤
ሦስት ዓመት በዚያ በር ስመላለስ አይቻለሁ።»

አዲስ ዊንዶውስ መጫን ለእኔ የሰዓት ሥራ ነው፤
ግን ቤት የሚያፈርስ ሰው ዕቃውን አስቀድሞ ካላወጣው
ስንቱ ጣሪያ ሥር ይቀራል። ይበልጣልን ጠየቅሁት፤
«ግልባጭ አለህ?» ግንባሩን ነካ። «እዚህ ነው ያስቀመጥሁት።»

ፍላሹ ወጣ፣ ከቁልፎቼ ጋር የማስረው፣
ሊኑክስ ያለበት፣ የባሕር ዳሩ ጓደኛዬ የጫነው፤
የታመመውን ዲስክ ሳይረግጥ፣ ከውጭ ተነሥቶ፣
በሰው ቤት ጫማውን አውልቆ እንደሚገባ እንግዳ ገብቶ።
የማስነሻውን ተራ ቀየርኩ፤ ፍላሹን አስቀደምኩት።
እምቢ። ሚሞሪውን ነቅዬ በላጲስ ጠረግኩት፣
መልሼ ሰካሁት።
ተነሣ።

ያኔ መብራት ሄደ።

ከወፍጮ ቤቱ ጀምሮ መንገዱ ሁሉ ዝም አለ፣
ባትሪው አሥራ አንድ በመቶ ላይ እየዋለለ።
ዲስኩ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ ይህን ድምፅ አልወደውም፣
ማንበብ ያቃተው ዲስክ ነው፣ ብዙም አይከርምም።
«የቱን ላስቀድም?» አልኩት። ሁለት ሺህ ሰው ሙግቱ
ተሰልፎ ቆመ መሰለኝ በአንዲት ጠባብ ጉሮሮ ቱቦ ፊቱ።
«የነገውን ቀጠሮ» አለ፣ «ቀጥሎ የሐሙሱን፣
ከዚያ የዚያችን የደንበጫ ልጅ የቀለብ ክሷን፤
የከፈለኝ ያልከፈለኝ አትበል።»

አሥር በመቶ። አረንጓዴው መስመር እንደ አባጨጓሬ
ሲሳብ፣ እኛ ስናይ፣ ትንፋሿን የያዘች መሰለች ቡሬ።
ዘጠኝ። የአንጓች ፋይል ወጣ። ይነበብ እንደሁ ከፈትኩት፤
ለማረጋገጥ ያህል አንዷን መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩት፦
«ድንጋዩ የነበረው ከዋርካው ሃያ ሁለት እርምጃ ላይ...»
«ሃያ አራት!» አለች። «ሃያ አራት ነው ያልኩት!»

ይበልጣል እኔን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ ወለሉን አየ።
በሰባት በመቶ ባትሪ ቁጥሩን አረምነው፤
ላፕቶፑ ባይወድቅ ኖሮ
ነገ ዳኛው ፊት ሃያ ሁለት ነበር የሚቆመው።

ሦስት በመቶ ላይ ዲስኩ ጠቅ ማለቱን አቆመ፤
እኔ ሳላዘው፣ በገዛ ፈቃዱ፣ ጨለመ።
ስምንት መቶ ያህል ተርፏል፤ ሺህ ሁለት መቶው ቀረ።
ይበልጣል ደብተርና እስክሪብቶ ለምኖኝ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ
የቀሩትን ስም በስም መጻፍ ጀመረ።

አመሻሽ ላይ መብራት መጣ። ከሞተ ላፕቶፕ ያስቀረሁትን ዲስክ ገጠምኩበት፤
አዲሱ ዊንዶውስ ሰዓት ጠየቀ፣ ቋንቋ ጠየቀ፣ ስም ጠየቀ። «የማን ልበልበት?»
መልስ የለም። ይጽፋል።

አንጓች የታተመውን በፌስታል ጠቅልላ ስትወጣ
ዘወር አለች፦ «እንዴት ነው፣ ሥርዓቱ መጣ?»
«እዚህ ሣጥን ውስጥስ አዎ» አልኳት። ሳቀች፤ ጭቃውን ተሻግራ ሄደች።
«መቶ አሥራ ሦስት» አለ ይበልጣል፣ «ማን ነበረች
ያቺ በሬዋን የተቀማችው?»
አላወቅሁም። እስክሪብቶዋ ቆማ ጠበቀች።